ጋሼ ደሴ ሰዓቱን ያስተካከሉልኝ ዕለት

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት... ዳንግላ ልቅሶ ደርሼ ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ አንድም የማስጠንቀቂያ መልእክት አላመጣም። «ሥራ ሰላም ነው» ብዬ ልቤ ደስ ብሎታል። ልቅሶ ቤት ተቀምጦ ደስ የሚለው ሰው መጨረሻው አያምርም።

እንጅባራ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሁሉ እኔ ላይ ነው። የክትባት ፍሪጁ ውስጥ ቅዝቃዜ የሚለካ ሴንሰር አለ። የለካውን ኮምፒውተሩ ሎግ በሚባለው መዝገቡ ላይ መስመር በመስመር ይጽፋል። እኔ የሠራሁት ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ አዲሱን መስመር እያነበበ፣ ፍሪጁ ከልክ በላይ ከሞቀ ወይም ከቀዘቀዘ ስልኬ ላይ መልእክት ይልካል።

ታዲያ ፕሮግራሙ የት ድረስ እንዳነበበ ማስታወስ አለበት። ሎጉን የሚያነብለት ላይብረሪ የሚባል የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ ለዚሁ የተሠሩ ፋንክሽኖች፣ ማለት ትእዛዞች፣ አሉት፤ አንዱ የደረስክበትን መስመር ምልክት ይሰጥሃል፣ ሌላው ወደዚያው ምልክት ይመልስሃል። እኔ ሰነፉ ግን ምልክቱን ትቼ፣ የመጨረሻውን መስመር ሰዓት ብቻ ይዤ «ከዚህ ሰዓት በኋላ ያለውን አንብብ» አልኩት። ሰዓት ወደ ኋላ ይሄዳል ብዬ መቼ አስቤ!

ስምንት ሰዓት ገደማ ሲስተር እናትነሽ ደወለች። ክትባት የምትሰጠው እሷ ናት።

«ሁለት ደግ ነገር ልንገርህ» አለች እየሳቀች። «ጠዋት መብራት ጠፍቶ ስለነበር ክትባቱን ለከሰዓት አዛውረነው፣ ይኸው አሁን ጀመርን። አንደኛው፣ ጋሼ ደሴ የኮምፒውተርህን ሰዓት አስተካከሉልህ!»

ጋሼ ደሴ የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው። ጡረታቸው የደረሰ፣ እጃቸው ሥራ ፈቶ መቀመጥ የማይችል ደግ ሰው። ስልኩን እንድትሰጣቸው ነገርኳት።

«ጋሼ፣ ሰዓቱን ምን አደረጉት?»

«ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ይለኛል እንዴ! በእጅ ሰዓቴ አስተያይቼ ሦስት አደረግሁልህ። ፍሪጁም መብራት በማጣቱ ሞቆ እንዳይሆን ብዬ ማቀዝቀዣውን እስከ ጥጉ አዞርኩት። አሁንማ ብርዱ የእንጅባራን ሐምሌ ያስንቃል!»



ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ፣ ፕሮግራሜ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንብቤያለሁ» ብሎ ይዟል። ከዚያ ወዲህ የሚጻፈው ግን የሦስት፣ የአራት፣ የአምስት ሰዓት መስመር ነው... ለእሱ ሁሉም ያለፈ፣ የተነበበ። ፍሪጁ በረዶ ሲሆን አምስት ሰዓት ሙሉ አይቶ እንዳላየ አልፏል። ክትባት ሲሞቅ ብልቃጡ ላይ ያለው ምልክት መልኩን ይቀይራል። በረዶ ሆኖ የቀለጠው ግን ደህና መስሎ ይወጋል። ልጁ ተከተበ ተብሎ ካርዱ ላይ ይጻፍለታል፤ ትክትክ ሲመጣ ግን ባዶውን ያገኘዋል።

«ለሲስተር ይስጡልኝ ቶሎ! ሲስተር፣ አትውጊ! አትውጊ!»

«ምን አልክ? አይሰማም...»

ኔትወርኩ ጠፋ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ወደ እኔ ዞሯል። አንዲት እናት ደረታቸውን ይዘው «ማን ሊወጋ ነው ልጄ?» አሉኝ። ከድንኳኑ ወጥቼ ወደ መናኸሪያ የሚሄድ ጋሪ ላይ ዘለልኩ።

ሚኒባስ ውስጥ ደጋግሜ ብደውል አይገባም። እውነቱን ልናገር... መጀመሪያ ያሳሰበኝ እንጀራዬ ነበር። አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ረዳቱ የከሰል ጆንያ ሊጭን ሲያቆመን ግን የዛሬው ቀን ትዝ አለኝ። ሐሙስ። የልጄ የክትባት ቀጠሮ! ረዳቱ ላይ የጮህኩበትን ጩኸት እስካሁን አፍርበታለሁ።

እንጅባራ ስደርስ እናቶች ልጆቻቸውን እንዳቀፉ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ያጉረመርማሉ። ሲስተር በሩ ላይ ቆማለች።

«አትውጊ ያልከው ተሰምቶኝ ወዲያው አቆምኩ» አለች።

«ተመስገን! እንግዲያው ማንንም አልወጋሽም?»



«አንድ ብቻ... ከመደወሌ በፊት። ባለቤትህ ከሰው ጋር ወረፋ ስትጠብቅ አይቼ፣ የእኛው ቤተሰብ ናት ብዬ ልጅህን አስቀደምኳት። ሁለተኛው ደግ ነገር ብዬ ልነግርህ የነበረው እሱን ነው።»

ባለቤቴ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ልጄ እቅፏ ውስጥ ተኝታለች። ሲስተር ክትባቱን ከፍሪጁ አውጥታ ከያዘችበት ከዚያው ሳጥን አንድ ብልቃጥ አውጥታ በደንብ ናጠችና ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። «ደፍርሶ ከቆየ ደህና ነው» አለች፤ «ፈጥኖ ከጠለለ በረዶ ነክቶታል።»

ጋሼ ደሴም መጥተው አራታችንም ብልቃጡ ላይ አፈጠጥን። በሕይወቴ እንደዚያች ግማሽ ሰዓት የፈራሁበት ጊዜ የለም።

ጠለለ። ዝቃጩ ታች ተኛ።

ጋሼ ደሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልጅቱን ጎዳኋት እንዴ?» አሉ።

ሲስተር ቀድማ መለሰችላቸው። «አይ ጋሼ፣ አይጎዳትም። ግን አይከላከልላትም፤ እንደገና መወጋት አለባት።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ» አልኳቸው። እሳቸው ምን ያድርጉ፤ ሰው ሰዓት ተሳስቶ ሲያይ ያስተካክላል። እኔ ነኝ የልጆቹን ጤና በሰነፍ የኮድ መስመር ላይ ያንጠለጠልኩት። በማግስቱ ፕሮግራሙን በምልክቱ እንዲያነብ አድርጌ ጻፍኩት።

ያን ዕለት ግን ሳጥኑ ተዘግቶ፣ ለእናቶቹ «ክትባቱ ተበላሽቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ኑ» ሲባል፣ ከፊት የነበረችው ልጇን እያዘለች ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«የእሱ ልጅ ስትወጋ ደህና የነበረው፣ እኛ ጋ ሲደርስ ተበላሸ?»

ከዚያ ሁሉ ሕፃን በከንቱ የተወጋችው የእኔዋ ብቻ ናት፤ ከተማው የሚያማኝ ግን ደህናውን መርጦ ለልጁ አስወጋ እያለ ነው።