በዴስክ የተካሰሱ ሁለት ረድፎች

ጭሮ ውስጥ የዜግነት ትምህርት ሳስተምር ነው ይህ የሆነው። አገሮች ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ቀርበው እንዴት እንደሚካሰሱ ማስረዳት ነበረብኝ። ተማሪዎቹ እንዳይሰለቹ ብዬ ክፍሉን ችሎት አደረግሁት። የመስኮቱ ረድፍ አንድ አገር፣ የግድግዳው ረድፍ ሌላ አገር ሆነ፤ ከመሃል አሥራ አምስት ዳኞች መረጥን።

ክርክሩን መፍጠር አላስፈለገኝም። ከክፍሉ ዴስኮች የማይወላገደው አንድ ብቻ ነበር። እሱም የግድግዳው ረድፍ ጋ ነው፤ የመስኮቱ ረድፍ ልጆች «የእኛ ነው፣ ክፍሉ ሲጠረግ ወሰዱብን» ይላሉ።

ከሳሹ ልጅ አቤቱታውን አንብቦ ጨረሰ። የተከሳሽ አገር ተወካይ የሂርና ልጅ ነበረች፤ ጭሮ አክስቷ ቤት ሆና ነው የምትማረው። ተነሳች።

«ቲቸር፣ ተከሳሽ አገር ካልተስማማ ፍርድ ቤቱ ሊዳኘው አይችልም ብለውናል አይደል?»

«አዎ።»

«አልተስማማንም።» ተቀመጠች።

ዳኞቹ አዩኝ። መጽሐፉን ገለጥኩ፤ ልክ ነበረች። በኮሪደሩ የሚያልፉት ርዕሰ መምህር ጸጥታው አሳስቧቸው ገቡ።

«ምን ሆናችሁ ነው?»

«ተከሳሽ አገር አልተስማማም» አልኳቸው።

«እኔ አዝዣለሁ፣ ተስማሙ!»

«እርስዎ የየት አገር ነዎት?» አለች ልጅቱ በትሕትና።

ርዕሰ መምህሩ በሩን በቀስታ ዘግተው ወጡ።

ሁለት ቀን ሙሉ በዕረፍት ሰዓት ለመኗት። «ኧረ በአላህ፣ ለማርካችን ስትይ!» ይላሉ ዳኞቹ። በመጨረሻ እሺ አለች፤ ግን ፍርድ ቤቱ የሚወስንበትን ጥያቄ ራሷ ጻፈችው፦ «ክርክር የተነሣበት ዕቃ ዴስክ ነው ወይስ አይደለም?» ከሳሹ ሳያነብ ፈረመ።

ፍርድ ቤቱ ደግሞ ከተጠየቀው ውጭ አይወስንም። ዳኞቹ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ መክረው፣ ስምንት ለሰባት በሆነ ድምፅ፣ ዴስክ ነው አሉ። ሰባቱ መደገፊያ ስለሌለው አግዳሚ ነው ብለው የሐሳብ ልዩነታቸውን በአራት ገጽ ጻፉ። ቤቴ ወስጄ አነበብኩት። ያን ዓመት ካረምኩት ሁሉ እንደዚያ ጥርት ያለ ጽሑፍ አላጋጠመኝም። ዴስኩ የማን እንደሆነ ሳይለይ በመቅረቱ በትምህርቱ አፈርኩ፣ በልጆቹ ግን ኮራሁ።

በማግስቱ ስንገባ ዴስኩ የለም። ማዶ ያለው ክፍል ለፈተና ብሎ ወስዶታል። ሁለቱ አገሮች ተያዩ።

«ኮታ!» አለች የሂርናዋ ልጅ፤ በኦሮምኛ ኑ ማለቷ ነው። ከሳሽም ተከሳሽም ተከትለዋት ወጡ፣ ዳኞቹም ጭምር። ዴስኩን በአየር ላይ ተሸክመው ሲመለሱ የማዶው መምህር «በምን ሥልጣን?» እያለ ከኋላ ይከተላቸዋል። እኔ በሩን በሰፊው ከፈትኩላቸው።