አሮጌው የመወልወያ ጨርቅ

ወልዋይዋ በዚያ ቤተ ሙከራ ሃያ ሁለት ዓመት መስታወት ወልውላለች። መስታወቱ ኤክስሬይ ሲያርፍበት የሚያበራ ነው፤ ብርሃኑ የሚወጣው በውስጡ ካሉ፣ ዓይን ከማያያቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች ነው፤ ሐኪምም በዚያ ብርሃን የተሰበረ አጥንት ያያል። ክሪስታሎቹ ግን እርሳስ አለባቸው። ባሏ እዚያው ምድጃ ቤት መስታወቱ የሚሠራበትን ዱቄት ሲደባልቅ ኖሮ እርሳሱ ደሙ ውስጥ ገባ፤ ዛሬ የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ መቆለፍ አይችልም።

ስለዚህ የቤተ ሙከራው ተመራማሪ ዶክተር እርሳስ የሌለበት መስታወት ሠርቶ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ሲሰጣት ስማ ተቀበለች።

«እትዬ፣ እንደ ዓይንዎ ብሌን ይያዙልኝ። በአዲስ ጨርቅ ብቻ!»

«ዓይኔማ ደክሟል፤ ከእሱ አብልጬ ነው የምይዛት» አለችው። ይህንኑ በሚያዘው መመሪያም ላይ ፈረመች።

አዲሱ ጨርቅ ግን ሻከራት። እንዲህ ያለች ሙሽራ በሻካራ ጨርቅ አትዳሰስም ብላ እጇ የለመደውን አሮጌውን አወጣች። መስታወቷም እንደ ምንጭ ውኃ ጠራች።

በሳምንቱ አዲሱን መስታወት እንዲለካ የተላከው መርማሪ መጥቶ ውጤቱን ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ወረወረው።

«የለበትም ያልከው እርሳስ ይኸው! ማንን ልታሞኝ ነው?»

ዶክተሩ አመድ መሰለ። አዲሱ ሥራ ሊዘጋ፣ ምድጃውም ወደ ድሮው ዱቄት ሊመለስ ነው።

ወልዋይዋ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ክው አለች። ያ ጨርቅ የሃያ ሁለት ዓመት እርሳስ የጠጣ ነው! ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ጡረታዋ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ቤቱን የያዘችውም እሷ ብቻ ናት። «አምላኬ፣ ይህን ደግሞ ለምን በእኔ?» አለች በልቧ። እግሯ ግን ቀድሟት ገብቷል።

«መስታወቱ ንጹሕ ነው። ያቆሸሸው የእኔ አሮጌ ጨርቅ ነው። አጥባችሁ ድጋሚ ለኩት።»

«ደግሞ በጨርቅ ማሳበብ መጣ!» ብሎ መርማሪው ሳቀ።

ታጠበ፤ ተለካ፤ እርሳስ የሚባል አልተገኘበትም።

የድሮው ዱቄት ከምድጃ ቤት ተጠርጎ ወጣ። እሷም በዚያው ሳምንት ወጣች። «መመሪያ መመሪያ ነው» አላት የቤተ ሙከራው ኃላፊ። ዶክተሩ ቀና ብሎ አላያትም።

ባሏ ሁሉን ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ተመስገን በይ እንጂ! ከእንግዲህ እንደኔ የሚሆን የለም» አላት።

«ለዛሬ አንተ በልልኝ፤ እኔ ነገ እላለሁ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።