አራሷ ቧንቧ

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ኮምቦልቻ በምሠራበት የብየዳ ድርጅት ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ድምፅ ነው። «ቀጭ» አለች፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው። ሁላችንም ወደ ጠረጴዛው ዞርን። ተበይዶ ሳይውል ሳያድር ውኃ የተደፋበት ወፍራም ቧንቧ፣ በብየዳው ጠርዝ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አውጥቷል።

ቧንቧው ተራ ብረት አልነበረም። በእንፋሎት ኤሌክትሪክ ለሚያመነጭ ጣቢያ የሚሆን፣ ክሮም የበዛበት ብረት ነው። ጣቢያው የጥገና ሥራውን ለእኛ ከመስጠቱ በፊት ችሎታችንን ሊያይ ሁለት መሞከሪያ ልኮልን ነበር። ሁለተኛውም ከተሰነጠቀ ሥራው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የድርጅቱ ባለቤት ይህን ከተናገረ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ይህንኑ አይደል፣ የነገው በአንቺ ኃላፊነት ነው ብሎኝ ወጣ።

ምን መደረግ እንዳለበት አውቅ ነበር። እንዲህ ያለ ብረት ሳይሞቅ ከተበየደ ወይም ከተበየደ በኋላ ድንገት ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። በመበየጃው ዘንግ፣ በኤሌክትሮዱ ላይ የቀረች ጥቂት እርጥበት እንኳ ገብታ ተደብቃ፣ ከሰዓታት በኋላ ትሰነጥቀዋለች። ችግሬ መናገሩ ላይ ነው። ድምፄ ትንሽ ናት፤ የብረት መፋቂያው ግራይንደር ሲነሣ ደግሞ ጭራሽ የለችም። ያን ዕለት ጠዋትም «ቅድመ ሙቀት ያስፈልገዋል» ብዬ ነበር። የሰሙኝ ዋናው በያጅ ብቻ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ወፍጮና የጭነት መኪና ሻንሲ ሲበይዱ የኖሩ፣ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ ሰው ናቸው፤ ለዚያ ዓይነቱ ብረት ውኃ ምንም አያደርገውም። «ቅድመ ምን?» ብለው ፈገግ አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ሲጨርሱም እንደ ልማዳቸው ውኃ ደፉበት።

ማታ ወደ ደሴ የሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ሕፃን የታቀፈች፣ እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች ሴት ተቀምጣ ነበር። ዳገቱ መሐል ረዳቱ ተሳፋሪ ሊጠራ መስኮቱን ሲከፍት መኪናው በሙሉ ጮኸበት። «ዝጋው እንጂ፣ አራስ አለች!» ረዳቱ ለምን ብሎ አልጠየቀም። ማንም አላስረዳውም። ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት በያጁ ጭምብላቸውን ሳያጠልቁ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ይሄ ብረት አራስ ነው።»

ቧንቧውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። «ምን ወልዶ?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ፊቴ ጋለ፤ ግን አንዴ ጀምሬዋለሁ። ከመበየዱ በፊት መሞቅ እንዳለበት፣ ሲበየድ መቀዝቀዝ እንደሌለበት፣ ካለቀ በኋላ ተሸፋፍኖ ቀስ እያለ እንዲበርድ፣ ነፋስ ካገኘው እንደሚመታው፣ እርጥብ ነገርም አጠገቡ መድረስ እንደሌለበት ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «አራስ ከራስጌዋ ብረት አይለይም» አሉ። «ይህቺ ራሷ ብረት ናት፤ ግማሹን ጨርሳልናለች።»

ከዚያ በኋላ ቧንቧው «እሷ» ሆነች። የውኃውን በርሜል ያስወጡት እሳቸው ናቸው፤ አራስ በቀዝቃዛ አትታጠብም ብለው። በጋዝ እሳት ዙሪያዋን አሞቅናት። እኔ በተወሰነ ሙቀት ላይ የሚቀልጥ ጠመኔ ይዤ አሁንም አሁንም እነካታለሁ፤ ጠመኔው ካልቀለጠ ብየዳው ይቆማል። ኤሌክትሮዶቹ ከማድረቂያው አንድ በአንድ እንደ ትኩስ ዳቦ ይወጣሉ። ተበይዳ ካለቀችም በኋላ እሳቱን ወዲያው አላጠፋንም፤ የተደበቀ እርጥበት ካለ እንዲወጣላት በሙቀቷ አቆየናት። ከዚያ እሳት በማይበላው ብርድ ልብስ ጠቀለልናት።

የከሰዓቱ ነፋስ አቧራውን ማንሣት ሲጀምር ባለቤቱ መጣና ትልቁን በር ወለል አድርጎ ከፈተው።

«በሩን ዝጋ!» አሉ በያጁ ከውስጥ። «አራስ አለች።»

ባለቤቱ ደንግጦ የተመለከተው እኔን ነው። በግቢው ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የምገባበት ጠፍቶኝ በጣቴ ወደ ብርድ ልብሱ አመለከትኩ። ሳቁ ቆርቆሮውን አነቃነቀው፤ ባለቤቱም በሩን ዘግቶ በጓሮ ዞሮ ገባ።

ስንለያይ በያጁ፣ «ወላሂ ልጄ፣ አራስ ባዶ እጅ አትጠየቅም። ነገ ገንፎ ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ቤት ገብቼ ይህንኑ ስናገር እናቴ ማን እንደ ወለደች ጠየቀችኝ። ቧንቧ አልኳት። ዱቄቱን አወረደችና፣ ለስንት ሰው ነው የሚሆነው አለች።

ሐሙስ ጠዋት ገንፎውን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ወረድኩ። ብርድ ልብሱን ስንገልጠው ቧንቧዋ በርዳ አድራለች። ብየዳውን አጽድቼ ቀዩን ቀለም ቀባሁ፤ ጠበቅሁ፤ ጠርጌ ነጩን ረጨሁበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ቀይ በነጩ ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል። በያጁ ከኋላዬ ቆመዋል፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። አንድ ዙር ዞርኩ። ደግሜ ዞርኩ። ነጩ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«ምን ተገኘ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሴት ናት» አልኳቸው፤ እና ለሴት እንደሚገባው ሦስት ጊዜ እልል አልኩ። ወዲያ ማዶ ግራይንደር ይዞ የነበረው ሠራተኛ ማሽኑን አጥፍቶ ዞረ። እጄን ታጥቤ የገንፎውን ክዳን ከፈትኩ።