ከአንገቱ ያወረድኩት ድንጋይ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። እናንተ አታውቁኝም፤ ስለዚህ እናንተ ስሙኝ።

በባቡሩ ዘመን፣ አቃቂ ጣቢያ አጠገብ፣ አንዲት ግሪካዊት መምህርት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ማዳም ጡረታ ወጥተው የሚያስተምሩት ሰው ስላጡ እኔን ያስተምሩኝ ነበር። አንድ ቀን ልብስ ስተኩስ «ፔይቶ» አሉኝ። በጥንቱ ግሪክኛ «አሳምናለሁ» ማለት ነው። እሺ ያሰኙት ሰው ደግሞ ያንኑ ግስ ወደ ራሱ አዙሮ ሲናገረው «አምናለሁ»ም ይሆናል፣ «እታዘዛለሁ»ም ይሆናል። በስጦታ ሰው መደለልም በዚሁ ግስ ይነገራል አሉኝ።

«እሱንማ እኛም እናውቅበታለን፣ ማዳም» ስላቸው ሳቁ።

«ግን የጥንት ሰዎቻችን ከጉልበት ይለዩታል» አሉ። «ወይ ታሳምኛለሽ፣ ወይ ትደበድቢያለሽ።»

ደስ አለኝ። እኔ ሰው መትቼ አላውቅማ!

በዚያው ሰሞን ታናሽ እህቴ አስካለ ባሏን ጥላ እኔ ቤት ገባች። ባሏ የሐዲድ ሠራተኞች ካቦ ነው፤ የኔ ባል ከሥሩ ድንጋይ ይፈልጣል። አንገቷ ላይ የጣቶቹ ምልክት ነበር። «እትዬ፣ ከመለሳችሁኝ ይገድለኛል» አለችኝ። ሰማሁ። ጆሮዬ ያኔ ደህና ነበር።

ካቦው ግን ለባሌ ቃል ገብቶለታል፦ «ሚስትህ እህቷን ትመልስልኝ እንጂ መጋዘን ጠባቂ አደርግሃለሁ።» ይህን አስካለ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ለእርቁ ቀን ካቦው ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ከሐዲዱ ዳር ያነሳውን ድንጋይ እንደ ወጉ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ደጃችን ተንበረከከ። አንደኛው ሽማግሌ «እኔስ በወጣትነቴ እማታ አልነበር? ይኸው አብረን አረጀን» አለ። ሚስቱ አንድ ጆሮዋ እንደማይሰማ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ያ ሽማግሌ አፈር ሆኗል፤ አሁንም አልምረውም። ቢሆንም አስካለ ለሽማግሌዎቹ እምቢ ብላለች። እሺ ያለችው ለእኔ ነው።

ጓዳ አስገባኋት። አልጮህኩም። እጄን ጉልበቷ ላይ አድርጌ፣ «ድንጋይ ተሸክሞ የተንበረከከ ሰው ተመልሶ ይማታል?» አልኳት።

«አንቺ ካልሽ እሺ፣ እትዬ።»

አመነችኝ? ወይስ ታዘዘችኝ? ድንጋዩን ከአንገቱ ያወረድኩት እኔ ነኝ። «ደጃፋችሁ አስቀምጡት፣ እርቃችሁን ይመስክር» ያልኩትም እኔ ነኝ። እልል ተባለ።

ወር ሳይሞላ በዚያው ድንጋይ መንጋጋዋን ሰበረው። ወድቃ እየዳኸች ሳለ ደገማት፤ ግራ ዓይኗ ፈሰሰ። ጎረቤት ሲይዘው ድንጋዩ ከእጁ አልወጣም፣ ፀጉሯ ከነደሙ ተጣብቆበት ነበር። እሱ ታሰረ፣ እዚያው ሞተ። ባሌ መጋዘን ጠባቂ እንደሆነ ጡረታ ወጣ። ያንን እንጀራ በልቻለሁ።

አሁን ከአስካለ ጋር ገላን ኮንዶሚኒየም አብረን ነን። ማኘክ ስለማትችል ዳቦዋን በሻይ አርሼ አጎርሳታለሁ። ለጎረቤት «እትዬ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» ትላለች፣ በዚያ በተጣመመ አፏ።

ጉልበት አልተጠቀምኩም ብዬ ስንት ዓመት ራሴን ሸነገልኩ! ከዚያ የበለጠ ምን ጉልበት አለ?

ይቅር በዪኝ ብላት እሺ ትለኛለች። መቼ እምቢ ብላኝ ታውቃለች? ስለዚህ አልጠይቃትም።