ከፊተኛው ረድፍ የተወሰደ ደም

ሬዲዮው ስለ ወረርሽኝ ማውራት ሲጀምር ልጆቼ ተሽቀዳድመው ያጠፉታል፤ እኔ ስለምቆጣ ነው። «ከተመረመሩት መካከል ይህን ያህሉ በሽታው ተገኘባቸው» ሲል፣ «ማንን ነው የመረመራችሁት? መጀመሪያ እሱን ንገሩኝ!» እያልኩ ከሣጥኑ ጋር እጨቃጨቃለሁ። አረጀች ይላሉ። ይበሉ።

ጣልያን ቡሬ ሰፍሮ በነበረ ጊዜ መንደራችን ከወጀት፣ ከዛሬዋ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች። ክረምቱ ሲወጣ ተስቦ ገባብን። ባሌም ወደቀ። ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም። ለሳምንታት እንደ ሕፃን እያገላበጥኩ አስታመምኩት። አንድ ቀን ጠዋት ግን ላቡ ወጣለትና «ሽሮ አማረኝ» አለ። በደስታ ድስቱን ጣድኩ።

ሽሮው ሳይበስል ጣልያኖቹ ሐኪም ይዘው መጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሜዳ ድንኳን ተከሉና፣ አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ «ከየቤቱ ሰው ይምጣ፤ ደም ይታያል» ብሎ ለፈፈ። ደማችን የሚታይበትን ምክንያት አልነገረንም። ኋላ እንደሰማነው የጣልያኖቹ አዛዥ አስቀድሞ ቆርጦ ነበር፦ ደማቸው ከታየ ሰዎች ከግማሽ በላይ ታመው የተገኙበት መንደር ይቃጠላል።

እኛ ፈውስ የምናውቀው ጠበል ላይ ነው። ጠበል ላይ ደግሞ ጤነኛ ከበሽተኛ ፊት አይቆምም፤ ነውር ነው። የባሰበት በቃሬዛ ቀድሞ ይገባል፣ ጤነኛው ዳር ይዞ ይጠብቃል። ስለዚህ የመንደሩን በሽተኛ ሁሉ ተሸክመን ከፊት አስተኛን። ባሌ «እኔ እኮ ድኛለሁ፣ ተውኝ» ቢልም አባቱ «ዝም በል! ሐኪም ደጅህ ድረስ መጥቶልህ!» ብለው በቃሬዛ አስጫኑት። እኛ ጤነኞቹ ከበሽተኞቹ እጅግ እንበዛለን፤ ከኋላ ዋርካው ሥር ቆምን።

ሐኪሙ የፊተኛውን ረድፍ ጣት እየወጋ የደሙን ጠብታ በመስታወት ላይ አድርጎ በማጉያ መነጽር ተመለከተ። ከዚያ ዕቃውን ሰበሰበ። በሽተኞቹን ወደየቤታቸው እንድንመልስ ታዘዝን፤ ባሌንም አባቱና ወንድሞቹ ተሸክመው ወሰዱት። አስተርጓሚው ፊቱ ጠቁሮ አየሁትና ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ መንደሩ ሊቃጠል መሆኑን ነገረኝ።

«በሞቴ አንቱ፣ ይንገሩልኝ!» አልኩት። «ሐኪሙ የወጋው የታመሙትን ብቻ ነው! ዋርካው ሥር የቆመውን ሕዝብ አላየውም እንዴ?»

ነገረው። ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ።

«የፊተኞቹ እንዲህ ከሆኑ የኋለኞቹም እንዲሁ ናቸው ይላል።»

«እንግዲያ የእኔን ይውጋ!» ብዬ ጣቴን ዘረጋሁ። አንዱ ወታደር ደረቴን በሰደፍ ደለቀኝ። ወደቅሁ፤ ተነሥቼ እንደገና ዘረጋሁ። ጩኸቴን የሰሙት ከዋርካው ሥር ጣታቸውን እየቀሰሩ ሲመጡ ተኩስ ተከፈተባቸው። ጎረቤታችን ዲያቆኑ ጣቱን እንደቀሰረ ተደፋ። ሚስቱ ልታነሣው ስትጎነበስ እላዩ ላይ ወደቀች።

ያን ጊዜ ከመንደሩ ጭስ ተነሣ። ወታደሮቹ ተስቦ የሚያስተላልፈውን ቅማል ፈርተው ቤት አይገቡም፤ በሩን ከውጭ በግንድ እየደገፉ ክዳኑን ይለኩሱ ነበር። አስተርጓሚው ሐኪሙ እግር ላይ ወደቀልኝ። ሐኪሙ፣ ዝም እንድል መሰለኝ፣ ጣቴን ወጋና በመነጽሩ አየ።

«ንጹሕ ነሽ ይላል፤ ወደፈለግሽበት መሄድ ትችያለሽ።»

ሮጥኩ። የቤታችን ክዳን ተደርምሶ ነበር። የባሌ አባት ወታደሮቹ በሰደፍ አናታቸውን ፈንክተዋቸው፣ የእጃቸው ቆዳ በእሳቱ ተገሽልጦ ከደጁ ተቀምጠዋል። አላወቁኝም። እሳቱ አላስጠጋ አለን፤ ቆመን የሌላውን ቤት ጩኸት ሰማን፣ ኋላም ዝም ማለቱን ሰማን።

ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር አልተነካም። እነሱ በሽተኞቻቸውን ዋሻ ውስጥ ደብቀው ጤነኞቹን ብቻ አሰልፈው ነበርና «ጤነኛ መንደር» ተባሉ። ወታደሮቹ አምነው እዚያ አደሩ፣ ከሰዎቹ የቁርበት መኝታ ላይ ተኙ፣ ቅማሉንም ይዘው ቡሬ ገቡ። ኋላ ሰፈራቸው በተስቦ ረገፈ ሲባል ደስ አለኝ። ዛሬም ደስ ይለኛል፤ ንስሐ አባቴንም አልደበቅኋቸውም።

እሳቱ ሲበርድ ግንዱን አነሣንና በሩን ገፋነው። አልከፈት አለን፤ ከውስጥ የደገፈው ነገር ነበር። አልጋው ከወዲያኛው ግድግዳ ጥግ ነው። ለሳምንታት መቆም ያቃተው ባሌ ከዚያ ተነሥቶ፣ በገዛ እግሩ ተራምዶ በሩ ድረስ መጥቶ ነበር።