ሬሳው መቼ ይታይ

ከአርባ ምንጭ እስከ ምዕራብ ዓባያ ባለው አገር የልብ አንጠልጣይ ፊልም አጀማመርን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የሐይቁ አዞዎች ሳይቀሩ ያማክሩኛል። ሲቀላ ሰፈር ምሳ ስንበላ ስለዚሁ ነገር እያወራሁ ስንቱን ሰው ወጡን አስረስቼዋለሁ። አንዱ ፊልም ገና ከመነሻው ሬሳ ይዘረጋልህና «ማን ገደለው?» ይላል። ሌላው ከመጨረሻው ይነሣና ወደ ኋላ ይመልስሃል። የእኔ ምርጫ ግን ሰላማዊ ቤት የሚያሳየው ነው፤ ምን እንደሚመጣ ተመልካቹ ያውቃል፣ ባለቤቱ አያውቅም።

ያስመረጠኝም ይኸው እውቀቴ ነው። ታናሽ ወንድማችን ሐዋሳ ላይ በድንገት ሲሞት፣ ጫኖ ለምትኖረው ታላቅ እህታችን መርዶውን ማን ይንገራት የሚል ጭንቀት መጣ። እሱን እንደ ልጇ ያሳደገችው እሷ ናት። የደም ግፊት አለባት፤ በአንድ ጊዜ ከደነገጠች ሁለተኛ ሬሳ እንዳይሆን ተፈራ። የእድራችን ዳኛ ትከሻዬን ያዙኝ።

«አንተ አጀማመር ታውቅበታለህ። ቀስ አድርገህ አምጣላት። እኛ ከኋላህ ነን።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ምንም አልተሰማኝም። ጥርሱን ሊነቅሉለት መርፌ እንደወጉት ሰው ድድ፣ ከራስ ጸጉሬ እስከ እግሬ ደንዝዣለሁ።

በማግስቱ ማለዳ ከእድሩ ሽማግሌዎች ጋር ሚኒባስ ተሳፍረን ስንሄድ አሰብኩበት። ሬሳውን ካስቀደምኩ እህቴ አለቀች። ከመጨረሻው ብነሣ፣ መጨረሻውም ያው ሬሳ ነው። ስለዚህ ሰላማዊውን ቤት መረጥኩ፦ ስለ ማንጎው እጠይቃለሁ፣ ስለ መስኖው እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ቀስ እያልኩ ወደ ሐዋሳ እሄዳለሁ። ሽማግሌዎቹ ከሙዝ እርሻዋ ጥግ ሆነው እስክጠራቸው ይጠብቃሉ። መንደሩ በሙሉ ሰምቷል፤ ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት።

በረንዳዋ ላይ ሙዝ ስትለይ አገኘኋት። አገላብጣ ሳመችኝ።

«እንደምን አደርሽ እትዬ? ማንጎው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«የመስኖ ውሃውስ ይደርስሻል?»

እጇ ቆመ።

እዚያ ቤት ስገባ ሁልጊዜ የሚቀድመኝ ውሸት ነው። አንዴ አዞ ባጃጅ እየነዳ ቀደመኝ ብያታለሁ። ሌላ ጊዜ ዝንጀሮ ኬላ ላይ መታወቂያ ጠየቀኝ ብያለሁ። «ውሸታም!» ብላ የሙዝ ልጣጭ ካልወረወረችብኝ ሰላም የተባባልን አይመስለንም። ያን ቀን ረስቼው ገባሁ።

«አንተ» አለችኝ ዝግ ብላ፣ «ዛሬ አዞው የት ሄደ?»

ፈለግኩ። ያን ሁሉ ስቀድ የኖርኩት ሰውዬ አንዲት ውሸት አጣሁ።

«ልጄ ነው፣ አይደል?» አለች።

«መጣሁ» ብዬ ተነሣሁ። ሽማግሌዎቹን አልፌ ሙዙ ውስጥ ገባሁ። ጩኸቷን የሰማሁት ከዚያ ሆኜ ነው። ደግፈው የያዟት፣ ውሃ ያጠጧት የእድሩ ዳኛ ናቸው። ደጉ ነገር፣ ተርፋለች። እኔ አላለቀስኩም። የሙዝ ቅጠል እያየሁ ነበር፤ አንዱ ጫፉ ተቀዷል።

ኋላ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ «ምስኪን፣ ኀዘኑ አላስቆም ብሎት ነው» ሲሉ ሰማሁ። አይደለም። ልብ አንጠልጣይ ፊልም እስከ መጨረሻው አይቼ አላውቅም። ነገሩ መክረር ሲጀምር በፍርሃት ሽንቴ ይመጣል፤ እወጣለሁ፣ አልመለስም። እህቴ ስትጮኽም ሙዙ ውስጥ ሽንቴን እየሸናሁ ነበር።