የጠበቀ ብሎንና የእህት እጅ

ከሐይቁ የጀልባ ማቆሚያ ፊት ለፊት፣ በአንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የጀልባ ሞተር የሚጠግን ሰው አለ። ባለጀልባው ሁሉ «ብረቱ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ክንዱ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሌላው ያቃተውን ብሎን ሲፈታ ኖሯል። ሚስት አለው፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ ጤናውም ሙሉ ነው። ኑሮውን የሚመርዝበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታናሽ እህቱ ከእሱ ጋር መሥራቷ።

እህቱ በአሥራ አንድ ዓመት ታንሰዋለች። ትሠራበት የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲዘጋ «እስቲ ለጥቂት ጊዜ ላግዛችሁ» ብላ መጣች፤ ይኸው ስድስት ዓመቷ። መጀመሪያ ዕቃ ታጥብ ነበር። ከዚያ ካርቡራተር መፍታት ጀመረች። ምን አለፋችሁ፣ ባለጀልባዎቹ በር ላይ ቆመው «እሷ የለችም?» ማለት አመጡ። ደግሞ ለክፉ የማትመች ሰው ናት። «ጋሼ» ሳትለው አታናግረውም፣ እሱ ምሳ ሳይበላ አትበላም። የባሰውም ይኼ ነው፤ እንደ ልቡ እንዳይጠላት እንኳን ምክንያት ነሳችው።

ሌላውን ሁሉ በቻለው፤ የአባታቸውን ነገር ግን አልቻለም። ቤቱን የከፈቱት አባትየው ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው በጆሯቸው ይሠራሉ። ሞተር ሲነሳ ከተቀመጡበት ሳይነቃነቁ «አንዱ ካንዴላ አልሠራም» ይላሉ፤ አይስቱም። ለብረቱ በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ከ«ደህና» ያለፈ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። እሷን ግን በሦስተኛ ወሯ «እጅሽ ይባረክ!» አሏት። ያን ቀን ብረቱ ራት አልበላም።

ቅናት ሲብስ ሰውን ልጅ ያደርገዋል። ብረቱ አምና አንድ አመል አወጣ፤ ሠርቶ የሚጨርሰውን ሞተር ብሎኖች ግራሶ ሳይቀባ፣ ከሥራቸው ሮንዴላ የሚባለውን ቀለበት ሳያስገባ፣ በቃ ከሚባልበት አልፎ አንድ ጊዜ ያጠብቃቸው ጀመር። ሌላ እጅ እንዳይፈታቸው ነዋ! ሌላ እጅ ማለት ደግሞ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ሰው የሚያሻግረው ካፒቴን ሞተሩን በጋሪ አስጭኖ መጣ። የማርሹ ዘይት ይቀየራል፣ ሌላ ሥራ የለውም። ከሞተሩ እግር ላይ አንዲት ብሎን ፈትቶ አሮጌውን ማፍሰስ፣ አዲሱን መሙላት ነው።

«እህትህ የለችም እንዴ?» አለ ካፒቴኑ፣ ሰላምታውን እንኳን ሳይጨርስ።

«ዕቃ ልትገዛ ወጥታለች። እኔ አለሁ አይደል?»

«ኧረ አለህ፣ አለህ እንጂ» አለ ካፒቴኑ፤ አባባሉ ግን የለህም እንደማለት ነበር። «ስድስት ሰዓት ላይ ሰው ይጠብቀኛል፣ ብቻ ቶሎ በልልኝ።»

ብረቱ ደሙ ፈላ። እሷ ሳትመለስ ሊጨርሰው ቆርጦ ጎንበስ ሲል ብሎኗን አወቃት። አምና የራሱ እጅ ካጠበቃቸው አንዷ ናት።

ካቻቢቴውን ሰካና ተጫናት። ንቅንቅ የለም። የካቻቢቴውን እግር በፒንሳ ይዞ በሙሉ ኃይሉ ጠመዘዘ። ተንሸራተተበትና የብሎኗን አናት ላጠው፤ የራሱንም ጣት ቆዳ ይዞበት ሄደ።

«ተንሸራተተ?» አሉ አባትየው ከበሩ።

«አልተንሸራተተም።»

«እሺ።»

እኚህ ሰውዬ «እሺ» ሲሉ «ውሸታም» ከማለት ይከፋል። ብረቱ ላቡን ጠርጎ ሁለቴ ደገመው። ካቻቢቴው የሚገባበት ስንጥቅ ግማሹ ተበላ። አንዴ ቢደግመው የሚቀረው በትራፓኖ መብሳት ነው፤ ሲበሱት ደግሞ የሞተሩ እግር ተሰንጥቆ ካፒቴኑ ከሥራ ሊወጣ ይችላል። ዘዴው ጠፍቶት አይደለም። ችኮላው ነው እጁን ያሰረው።

እህቱ ገባች። ብሎኗን አየች፣ ጣቱን አየች።

«ጋሼ፣ እስቲ ልሞክራት?»

ካፒቴኑ ፊት እምቢ አይል ነገር። ጥርሱን ነክሶ ተነሳላት።

አልተጣደፈችም። የተበላውን ስንጥቅ በሴጌቶ ብረት መቁረጫ ምላጭ መልሳ አጠለቀችው። ዙሪያውን በጋዝ እሳት ሞቅ አደረገችና ካቻቢቴውን አቁማ አናቱን በመዶሻ ቀስ እያለች መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ብሎኗ እንድትላቀቅ መጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው በኩል ገፋችው።

«ኧረ ወደዚያ አይደለም!» ብሎ ጮኸ ካፒቴኑ።

«ተዋት» አሉ አባትየው፣ ፈገግ ብለው። «ታውቃለች።»

ብረቱን ይህች «ታውቃለች» አንጀቱን አሳረረችው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ብሎኗ እንዳትፈታ በልቡ እየለመነ ነበር። እሷ ግን ካቻቢቴውን መለሰችው፤ ብሎኗ ሲጥ ብላ ዞረች፣ ጥቁሩ ዘይት ወረደ።

እህቱ ብሎኗን መዳፏ ላይ ገልበጥ አድርጋ አየቻት። ሮንዴላ የላትም፣ ጥርሷም ግራሶ ነክቶት አያውቅም። ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። ገብቷታል።

«ማነው እንደዚህ አድርጎ ያጠበቃት?» አሉ አባትየው።

«ዝገት ነው አባዬ። ውሃ ገብቶባት ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ባለ ነበር። ብረቱን ግን አቃጠለው። በእጇ በለጠችው፣ እሺ፤ ጭራሽ በደግነትም ትብለጠው?

«እኔ ነኝ» አለ። «ሆን ብዬ ነው ያጠበቅኳት። እሷ እንዳትፈታት ብዬ ነው።»

ጸጽቶት እንዳይመስላችሁ፤ ውለታዋን መሸከም ስላቃተው ነው። ካፒቴኑ ድንገት ሐይቁን ማየት አማረው።

አባትየው ግን ፊታቸውን ያዞሩት ወደ እሷ ነበር።

«አንቺ! የዛገና ያለ ግራሶ የጠበቀ ሲፈታ ድምፁ አንድ ነው? የደከመው ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ ነው? በዚህ ቤት ስለ ብሎን አይዋሽም። ካቻቢቴውን አስቀምጪ፣ ከእንግዲህ ሞተር እንዳትነኪ!»

አስቀመጠች። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ብረቱ ስድስት ዓመት ሙሉ የተመኘው ይህንን ነበር። ደስታው እስኪመጣ ጠበቀ። አልመጣም።

«አባዬ፣ ይተዋት» አለ። «የዋሸችው ለእኔ ብላ ነው። ደግሞ... ከእኔ ትበልጣለች።»

ይህችን ሲላት አንድ ነገር ተስፋ አድርጎ ነበር፤ አባት አይደሉ፣ «ኧረ የት አባቷ!» ይሉኛል ብሎ።

«አዎ» አሉ አባትየው። «ትበልጥሃለች። ሥሩ በሉ፣ ሰውየው ይሄድበታል።»

እህቱ ካቻቢቴውን አነሳች። ብረቱ የአዲሱን ዘይት ጣሳ ያዘላት። ቅናቱ ለቀቀው ብል ውሸት ነው።

«ትንሽ ከፍ አድርጋት፣ ጋሼ» አለችው።

ከፍ አደረገላት።